ጫፉ ብርቱካናማ የሆነው ጠመንጃ

ልጃችሁ «ጠመንጃ ግዥልኝ» ብሏችሁ ያውቃል? እኔን የ10 ዓመቱ ልጄ ባለፈው መጋቢት አንድ ማታ እራት ላይ ጠየቀኝ። ያነሳሁት ጉርሻ አፌ ሳይደርስ ቀረ። ምክንያቱን እንኳ ሳልሰማ «አይሆንም!» ልል ስል አባቱ በዓይኑ «ቆይ» አለኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሚያዝያ 27 የአርበኞች የድል ቀን ይከበራል። የትምህርት ቤታቸው የድራማ ክበብ ለዚያ ቀን አጭር ድራማ አዘጋጅቷል፤ ለእኔ ልጅ የደረሰው ደግሞ ከጣሊያን ወታደር መሣሪያ ማርኮ የሚመለስ የጎጃም አርበኛ ሆኖ መጫወት ነው። ቁምጣው ተሰፋ። በርኖሱ ከአያቱ ቤት ተገኘ። የቀረው ጠመንጃው ብቻ ሆነ።

ቅዳሜ ተያይዘን ወጣን። ባሕር ዳር ውስጥ የልጆች መጫወቻ የሚሸጡ ሱቆችን አንድ በአንድ አዳረስናቸው። የየሱቁ ጠመንጃ ቀለሙ ይለያይ እንጂ ቅርጹ አንድ ነው፤ የጥይት ካዝናው ወደ ፊት የቆለመመ ክላሽ። ባትሪ ሲገባለት ቀይ መብራት እያበራ ይንጫጫል። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ስለሆንኩ ሱቅ ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ማሸጊያው ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ የሚነድ ከተማ፣ ከፊቱ ደግሞ ፈገግ ያለ ወታደር ተስሏል። ውስጥ ያለው አንድ እፍኝ የማይሞላ ፕላስቲክ ነው፤ ለልጄ የሚሸጥለት ግን ጀግንነት ነው። ይህንን እያወቅሁ ገዛሁት። እናንተም በእኔ ቦታ ብትሆኑ የልጁን ዓይን አይታችሁ እምቢ ማለት የሚቀላችሁ አይመስለኝም።

በማግሥቱ እሑድ ሹም አቦ ወዳለው የአባቴ ቤት ሄድን። ልጄ ጠመንጃውን አንግቶ ገባ። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ክላሽ ነዋ፣ አባባ!»

«ድራማው የስንት ዓመተ ምሕረት ታሪክ ነው?»

«የ1933።»

አባቴ ሳቁ። «እንግዲያው ልጄ፣ ይሄ መሣሪያ ያን ጊዜ ገና አልተወለደም።»

እውነታቸውን ነው። የክላሽንኮቭ ጠመንጃ የመጀመሪያው ሞዴል የተሠራው በፈረንጆቹ 1947 ነው፤ ከእኛ ድል 6 ዓመት በኋላ። ልጄ ግን ብዙም አልተጨነቀም። «ማን ያውቃል?» አለ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞሮ።

እኔም ለጊዜው ከእሱ ጋር ነበርኩ። በቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ የፈርዖን ወታደሮች ጠመንጃ ይዘው ቀይ ባሕር ውስጥ ሲሰጥሙ የሚያሳዩ ሥዕሎች አይታችሁ ይሆናል። ሠዓሊው ወታደር ሲባል የሚያውቀው በዘመኑ ያየውን ነው፤ ሣለው። የእኔ ልጅም ጠመንጃ ሲባል የሚያውቀው ክላሽ ነው። «አባዬ፣ ለ15 ደቂቃ ድራማ እኮ ነው፤ ይለፍ» አልኳቸው።

«እንዲያስ ከሆነ ድራማው ለምን አስፈለገ?» አሉኝ። «አርበኛው በምን እንደተዋጋ ካላወቀ፣ ምን እንደጎደለው አያውቅም። ምን እንደጎደለው ካላወቀ ደግሞ ምን እንዳደረገ አይገባውም።»

ይህ አነጋገራቸው ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ፤ ልጆቻችሁ ቢጠይቋችሁ ይጠቅማችኋል።

ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ደግሞ በ5 ዓመቱ በዚያው ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። የመመለሻው መንገድ በእኛው ጎጃም በኩል ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ የሱዳንን ድንበር ተሻገሩ፤ በበላያ ተራራ በኩል አድርገው መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ። ያን ጊዜ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ትባል የነበረችው ትንሿ ከተማችንም የጣሊያን ጦር ሠፈር ነበረባት። በእነዚያ 5 ዓመታት ግን ጎጃም ዝም ብሎ አልጠበቀም፤ እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ እነ በላይ ዘለቀ በየአካባቢያቸው ሲዋጉ ኖረዋል። ዛሬ አውሮፕላን ማረፊያችን በበላይ ዘለቀ ስም የሚጠራው ለዚህ ነው።

በምን ተዋጉ? መልሱ ቋንቋችን ውስጥ ተቀምጧል። ምንሽር የምንለው ማንሊኸር ከሚለው የፈረንጅ ስም የመጣ ነው። ውጅግራ ደግሞ ፈረንሳዮች «ፉዚል ግራ» የሚሉት ጠመንጃ ነው፤ በፈረንጆቹ 1874 የወጣ፣ አንድ ጥይት አጉርሰው አንድ ጊዜ ብቻ የሚተኩሱት። መትረየስም ፈረንሳይኛ ነው። አርበኛው ከአባቱ የወረሰውን፣ ከገበያ የገዛውን፣ ከጠላት የማረከውን ሁሉ ይዞ ነበር የወጣው። ችግሩ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚጎርሰው የየራሱን ጥይት መሆኑ ነው። የውጅግራው ጥይት 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጣሊያኑ እግረኛ ወታደር ጠመንጃ 6 ነጥብ 5። አንዱ ለሌላው አይሆንም።

አሁን ወደ ልጄ ጠመንጃ ልመልሳችሁ። ድራማው ውስጥ የሚማረከው «የጣሊያን አጭር መትረየስ» ነው። የዚያ ዘመን ታዋቂው የጣሊያን አጭር መትረየስ ቤሬታ 1938 ይባላል፤ መጀመሪያ ከታጠቁት ውስጥ በቅኝ ግዛቶቿ ያሰማራችው የጣሊያን አፍሪካ ፖሊስ ይገኝበታል። ፎቶውን ለልጄ አሳየሁት። «ይሄማ ክላሻችንን አይመስልም» አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና «ግን ማስመሰል አንችልም?» አለኝ።

ለካ ይህንን ማስመሰል ሥራዬ ብለው የያዙ ሰዎች በዓለም ላይ ሞልተዋል! ኤርሶፍት የሚባል መጫወቻ አለ። በጃፓን የሲቪል ሰው እውነተኛ ጠመንጃ መያዝ እጅግ የተገደበ በመሆኑ እዚያ የተጀመረ ነው፤ በአየር ግፊት ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር የሆኑ የፕላስቲክ ድቡልቡሎችን ይተፋል። ታሪክ የሚወዱት ሰዎች ከሱቅ የገዙትን አምሳያ ፈትተው ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አጫጭር መትረየሶች ይቀይሩታል። የአሜሪካኑን ቶምሰን አምሳያ ይወስዱና የፊት እጀታ ጨምረው፣ ክብ የጥይት ካዝና ገጥመው የቀድሞውን የ1928 ሞዴል ያደርጉታል። የእንግሊዙን ስቴን ደግሞ የብረት ሰደፉን አውጥተው በእንጨት ይተኩና ለፓራሹት ወታደሮች የተሰጠውን ኋለኛውን ሞዴል ያወጡታል። ለእኛ ሁሉም አንድ ዓይነት ብረት ይመስለናል፤ እነሱ ግን የአንዷን ቀዳዳ ቦታ አይተው የተሠራችበትን ዓመት ይነግሯችኋል።

የእኛዋ ምንም የማትተፋ መጫወቻ ስለሆነች ሥራው ይቀላል። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። ሠፈራችን ያሉት አናጢ ጋሼ (ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛል) አውደ ጥናታቸውን ፈቀዱልን። መጀመሪያ ባትሪውን፣ አምፖሉንና ጩኸቱን አወጣን። ለቤታችን ሰላም ብቻ ቢሆን እንኳ ይህ ይበቃ ነበር! የቆለመመውን ካዝና በመጋዝ ቆርጠን ከስስ ጣውላ ቀጥ ያለ ካዝና ሠራን። ሰደፉን ከዋንዛ ቁራጭ ጋሼ ቀረጹት፤ ልጄ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ጠቆር እንዲል ቡናማ የጫማ ቀለም ቀባነው። አፈሙዙን የውኃ መስመር ፕላስቲክ ቱቦ አለበስነውና ዙሪያውን በመሠርሠሪያ በሳሳነው፤ እውነተኛው ቤሬታ አፈሙዙ ሲግል አየር እንዲያገኝ እንዲህ የተበሳሳ የብረት ልባስ አለውና።

ከዚያ ምላጩ ላይ ደረስን። ልጄ ፎቶውን አተኩሮ አየና «ሁለት ምላጭ ለምን አስፈለገው?» አለ።

«የፊተኛው አንድ አንድ ጥይት ይተኩሳል፤ የኋለኛው ያንጣጣል» አልኩት፤ ካነበብኩት ላይ።

«አርበኛው ከማረከው በኋላ በየትኛው ይተኩስ ነበር?»

ዝም አልኩ። ጋሼ ናቸው የመለሱለት። «ጥይቱን ከየት አምጥቶ ነው የሚያንጣጣው?» አሉት፤ መጋዛቸውን አስቀምጠው። «የዚህ ጥይት ሌላ ነው አላላችሁም? ከወታደሩ ወገብ የፈታው ሲያልቅ አለቀ። ከዚያ በኋላ ዱላ ነው።»

ልጄ ለረጅም ጊዜ ሁለተኛውን ምላጭ ሲያይ ቆየ። አባቴ «ምን እንደጎደለው» ያሉት ያኔ ነው የገባኝ። የቤሬታው ጥይት 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከምንሽሩም ከውጅግራውም ጋር አይገጥምም። ካርቶኑ ላይ ያለው ፈገግተኛ ወታደር ጥይት አያልቅበትም። የልጄ አርበኛ ግን ያልቅበታል። በዚያ ሳምንት ክብደቱንም እንዲያውቀው ብዬ 4 ኪሎ ዱቄት በፌስታል ቋጥሬ አሸከምኩት፤ እውነተኛው ባዶውን ከዚያ ትንሽ ይበልጣል። ከቤታችን እስከ ዋናው መንገድ ሳይደርስ እጁን ቀየረ። «ይሄን ይዞ ተራራ ይወጣል?» አለኝ። ይወጣል እንጂ።

እስከዚህ ድረስ በራሴ ስኮራ ነበር። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ግን ሞኝነቴ ታየኝ።

ሥራው አልቆ ጥቁር ቀለም ቀብተን በረንዳ ላይ አደረቅነው። ከሩቅ ሲያዩት ያስደነግጣል። ፎቶ አነሳሁት፤ እንዲያውም «ይህንን ለደንበኛ ባቀርበው» ብዬ አሰብኩ። ዕቃን ከሆነው በላይ ማስመሰል የእንጀራዬ ሙያ ነው። ቡና ላፈላ ገባሁ። ልጄ በሩን ከፍቶ ለጓደኞቹ ሊያሳይ እንደወጣ አላወቅሁም።

የሰማሁት የባጃጅ ፍሬን ድምፅ ነው። ስወጣ ሹፌሩ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቷል። ከኋላ ተቀምጣ የነበረችው ሴት ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጎንበስ ብላለች። ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤታችን በራቸውን ዘግተው ሲቀረቅሩ ተሰማኝ። መንገዱ መሐል ልጄ ጠመንጃውን እንደያዘ ደርቆ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «መጫወቻ ነው! መጫወቻ ነው!» እያልኩ በባዶ እግሬ ሮጥኩ።

ሹፌሩ ወጣት ነው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጁ እየተንቀጠቀጠ «እህቴ፣ በዚህ ጊዜ?» ብቻ አለኝና ሄደ።

በዚህ ጊዜ። እውነቱን ነው። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ክልላችን ምን እንዳሳለፈ ለእናንተ አልነግርም። ልጆቻችን የተኩስ ድምፅ ከርችት ለይተው ያውቃሉ። እዚህ ከተማ ጥቁር ነገር ትከሻው ላይ ያንጠለጠለ ሰው ከሩቅ ሲታይ ልብ ይመታል። መሣሪያ የያዘ ሰው ያንን ቢያይስ? ያቺን ሌሊት ያንን እያሰብኩ ነጋልኝ።

ይህ የእኛ አገር ፍርሃት ብቻ አይደለም። ጦርነት በሌለበት አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ በምትባል ከተማ በኅዳር 2007 ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ በመናፈሻ ውስጥ የኤርሶፍት ጠመንጃ ይዞ ሲጫወት ፖሊስ ተኩሶ ገድሎታል። መጫወቻነቱን የሚያሳየው ብርቱካናማ ጫፍ ከላዩ ተነስቶ ነበር። እዚያ አገር የመጫወቻ ጠመንጃ ሲሸጥ አፈሙዙ ላይ ብርቱካናማ ምልክት እንዲኖረው ሕግ የሚያስገድደው ለዚህ ነው። እኛ የገዛነው ፕላስቲክም ጫፉ ደማቅ ቀይ ነበር። በጥቁር ቀለም የሸፈንኩት እኔ ነኝ፤ «ታሪኩን ያበላሽብናል» ብዬ።

እሑድ ጠዋት ጠመንጃውን በጆንያ ጠቅልለን አባቴ ቤት ሄድን። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ልጄን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«አባቴ ውጅግራ ነበራቸው» አሉት። «ቤት ሲገቡ ጥይቷን አውጥተው፣ እሷን በጨርቅ ጠቅልለው ነበር የሚሰቅሏት። እኛን ‹ባዶም ብትሆን አፏ ሰው አይይ› ይሉን ነበር። አንድ ቀን በአፈሙዟ ታናሽ ወንድሜን ቀስሬበት ስጫወት ደረሱ። አልመቱኝም። ለአንድ ወር አላናገሩኝም።»

ልጄ አንገቱን ደፋ። «ሰው ላይ አልቀሰርኩም፣ አባባ» አለ።

«አውቃለሁ። ያቺ ሴት ግን አላወቀችም።»

ከዚያ ወደ ጋሼ ተመለስን። ብርቱካናማ ቀለም ገዝተን የቱቦውን ጫፍ አራት ጣት ያህል ቀባነው። ልጄ «ታሪኩስ?» አለኝ፤ እኔ ያልኩትን መልሶ። ምን ልበለው? «ታሪኩ ሁለተኛው ምላጭ ላይ አለ» አልኩት። «ቀለሙ ደግሞ ለባጃጁ ሹፌር ነው።»

እናንተም ለዓድዋም ሆነ ለአርበኞች ቀን፣ ለትምህርት ቤት ድራማም ሆነ ለቤት ጨዋታ እንዲህ ያለ ነገር ከልጆቻችሁ ጋር ብትሠሩ፣ እኔ ተሳስቼ የተማርኩትን ያዙልኝ። አብራችሁ ሥሩ፤ ካርቶኑ ላይ የማይጻፈው ሁሉ የሚነገረው እጅ ሥራ ላይ እያለ ነው። ታሪኩ የሚጠይቀውን ቅርጽ አጥኑ፤ የመጫወቻነቱን ምልክት ግን በፍጹም አትሸፍኑ። ከቤት ሲወጣ በጆንያ ወይም በካርቶን ተጠቅልሎ፣ በአዋቂ እጅ ይሁን። ለመምህሩ አስቀድማችሁ ንገሩ። ከድራማው በኋላም ልጁ ይዞት ወደ ሠፈር አይመለስ። አካባቢያችሁ ጭራሽ የማያስተማምን ከሆነ ደግሞ ጠመንጃው ይቅር፤ ልጁ በባዶ እጁ ቢተውን ተመልካች ይገባዋል።

ሚያዝያ 27 ደረሰ። ጠመንጃውን አባቱ በጆንያ ይዞ ለመምህሯ አስረከበ። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። የእኔ ልጅ በቁምጣና በበርኖስ ሆኖ የማረከውን መሣሪያ ከፍ አድርጎ ገባ። ብርቱካናማው ጫፍ ከመድረኩ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል፤ ከኋላችን የተቀመጡ ልጆች ሳቁ። ልቤ ተሸበረ።

ጓደኛው «ያዝከው? በል እንግዲህ ተኩስ!» ሲለው በተጻፈው መሠረት ወደ ላይ ቀስሮ «ተ-ተ-ተ-ተ» ማለት ነበረበት። አላለም። ካዝናውን አወጣ፤ ውስጡን አየ። «አምስት ጥይት ነው ያለው» አለ፤ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። «ለምንሽራችሁም አይሆንም። ለክፉ ቀን እናስቀምጠው።» ጠመንጃውን በበርኖሱ ጠቅልሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። አዳራሹ ጸጥ አለ። አባቴን ዞር ብዬ ሳያቸው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር።

መምህሯ በኋላ «ከጽሑፉ ወጣ እኮ» አለችኝ። ወጣ፤ ግን ሳቀች።

ጠመንጃው አሁን ሹም አቦ፣ አባቴ ቤት፣ ቁም ሣጥን ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጋሼ ሌላ ሥራ አምጡ እያሉን ነው። ልጄ ከጣና ዳር ደንገል ለቅመን ትንሽ ታንኳ እንሥራ ብሏል። እሱን እንኳ ቀለም ሳልቀባው መንገድ ላይ ይዞት ቢወጣ ማንም የሚደነግጥ አይመስለኝም።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።